ተከላካያችን ክርስትና ላንሳ ብሏል

እንዴት ዋሉ እትየ የሻሽወርቅ! ይግቡ፣ ይግቡ። ጫማዎን አያውልቁ፣ ወለሉ እርጥብ ነው፤ የሰኔን ነገር ያውቁታል። እዚህ ከአልጋው ጫፍ አረፍ ይበሉ። መንገዱስ እንዴት ነበር? ማንኩሳ ላይ ብቻ ነው ያስወረዷችሁ? እንኳን ቀናዎ፤ አባቴ ባለፈው ሳምንት ሲመጣ ሦስት ቦታ ወርዶ መታወቂያ አሳይቷል። ቡሬስ ዘነበ? የበርበሬው ችግኝ ተነሣ? ይነሣል እንጂ፣ የእርስዎ መደብ መቼ ከሽፎ ያውቃል! እርስዎ የተከሉት ሁሉ ይበቅላል፣ ይረዝማል… ሲያድግ ደግሞ ማቃጠል ይችልበታል። ስለ በርበሬው ነው የማወራው።

ልጁን? ይያዙት እንጂ! ምን ያስፈራዎታል? አንገቱን በክንድዎ ደገፍ ያድርጉልኝ ብቻ። እንዲያ። ዛሬ ሠላሳ ሰባት ቀኑ ነው። ሲያዩት የመጀመሪያዎ ነው አይደል? አልፈርድብዎትም፤ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ሩቅ ነው… በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ ባይሞላ።

እኔ እንደሚያዩኝ ነኝ። ዓይኔ አብጧል፣ ራሴን አላበጠርሁም። በተኛ ቁጥር ጆሮዬን አፍንጫው ላይ አድርጌ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ አስነጠሰው፤ በጨርቅ ጠቅልዬው ጤና ጣቢያ ሮጥሁ። አራስ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ከቤት አትወጣም ይሉኛል፤ ልክ ነዎት። ነርሷም ሳቀችብኝ፣ «ማስነጠስ በሽታ አይደለም» ብላ። ምን ላድርግ? ሌላ የሚፈራለት ሰው የለ… አይ፣ እናት የሆነች ሴት ፈሪ ናት ማለቴ ነው።

ያመጡትን ልብስ አየሁት። ነጭ፣ አንገቱ ላይ መስቀል የተጠለፈበት። ለእጅም አይሻክርም። የላከዎ ሰው ዓይን አለው መቼም። ትናንት በስልክ «ልጄ የፊታችን እሁድ ለልጅሽ የክርስትና አባት ልሁን ብሏል፤ ልብሱንም ገዝቶ ልኳል፤ እኔ ይዤው እመጣለሁ» ሲሉኝ፣ እውነቴን ነው፣ ስልኩን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። የተከበረ ሰው፣ በቴሌቪዥን የሚታይ ሰው፣ የሻይ ሻጭ ልጅ ክርስትና ላንሳ ይበል? ምን ዓይነት ትሕትና ነው!

መልሱ ይደርሳል፣ አይቸኩሉ። መጀመሪያ እስኪ ስለ ኳስ እናውራ።

«አንቺ ደግሞ ስለ ኳስ ምን ታውቂያለሽ?» እንዳይሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በገነነ ዲኤስቲቪ ቤት ሻይና የተቀቀለ ድንች ሸጫለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ በማልያ ጀርባ ላይ የተጻፈ ቁጥርና ስም ለማንበብ ይበቃኛል። አንድ አምስት ቁጥር የሚለብስ ተከላካይ አለ። ስሙን አልጠራውም፤ እሱም የኔን መጥራት ትቷል። እርስዎ ግን ያውቁታል፣ ዘጠኝ ወር ተሸክመውታል። እኔ የማውቀው የተመልካቹን ያህል ነው… ትንሽ ቀረብ ብሎ የተቀመጠ ተመልካች ያህል ይበሉት።

እንግዲህ ከጥሩ ጥሩው ልጀምር። ቁመቱን እግዜር አልነፈገውም። ኮርና ሲመታ ከሁሉ በላይ ዘሎ በቴስታ ያወጣታል። ግንባሩ ሰፊ ነው፣ ወደ ፊት ወጣ ያለ፤ ልክ አሁን እርስዎ እንደያዙት ልጅ ግንባር። ምነው? ይዳስሱት እንጂ፣ አይሰበርም። ከገቡ ጀምሮ ሁለት ጊዜ እጅዎ ወደዚያ ሄዶ ሲመለስ አይቻለሁ።

ኳስ ማራቅ ላይ ደግሞ የሚደርስበት የለም። ሌላው ተከላካይ ኳስ ሲመጣበት ያቆማታል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ለጓደኛው ያቀብላል። የኛው እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለበትም። ወደ እሱ የመጣውን ሁሉ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያይ፣ ይጠልዘዋል። የገነነ ቤት ጎረምሶች በሳቅ ይሞታሉ። «ኳሷ ሊበን ድረስ ሄደች!» ይላል አንዱ። «የለም፣ ጢስ ዓባይ ነው የወደቀችው፤ ፏፏቴው ይዟት ሄደ!» ይላል ሌላው። እኔም ድንቹን እየላጥሁ አብሬ እስቅ ነበር። ሌላውን ሁሉ ይጠልዛል፣ እኔን ግን አይጠልዘኝም ብዬ ይሆናል ያን ያህል የሳቅሁት። ልጅነት ነው።

ጨዋነቱንስ? በሁለት ዓመት አንድ ቢጫ ካርድ! ገነነ ስንቴ ምሎ ተገዝቷል፣ «እንዲህ ያለ ንጹሕ ተከላካይ አይቼ አላውቅም» እያለ። እኔ ግን ሥራዬ ቆሜ ማየት ነውና አንድ ነገር አይቻለሁ። ፋወል ሲሠራ መሃል ላይ አለ። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ሲደርስ ግን አሥር ሜትር ርቆ ካልሲውን ይስባል። ቀርቶ የተያዘው ሌላ ሰው ነው። ይኼም ችሎታ ነው፣ እትየ የሻሽወርቅ። ሁሉ ሰው አይችለውም። እኔ ለምሳሌ አልቻልሁም፤ ሆዴ እየገፋ የት እርቃለሁ?

እጅ ማንሳቱን ደግሞ አይተውለታል? አጥቂው ባመለጠው ቁጥር ከመሮጥ በፊት እጁን ወደ ላይ ያነሣል፣ ኦፍሳይድ ነው ለማለት። ልጁ ሮጦ፣ በረኛውን አልፎ፣ ኳሷ መረብ ነክታ… የኛው ሰው እጁ አሁንም ወደ ላይ እንደተነሣ ነው፣ ወደ መስመር ዳኛው እያየ። «ይኼ ጎል አይቆጠርም» ለማለት።

ጥር ላይም እንዲሁ ሆነ አሉኝ። ረፍት ወጥቶ እርስዎ ዘንድ በመጣ ጊዜ አባ አዛናውን፣ የነፍስ አባቴን፣ ከሌላ ሽማግሌ ጋር ልኬ አልነበር? እርስዎ ራስዎ ጠላ ቀድተው አስተናግደዋቸዋል፤ «እጇ የተባረከ ነው» ብለው መጥተው ነግረውኛል። ሆዴ ያኔ አምስት ወሩ ነበር። እሱ ምን አለ? እርስዎ ጓዳ ነበሩ መሰለኝ፣ ካልሰሙት ልንገርዎ። እጁን አነሣ። «ያ ሻይ ቤት መቼም ሰው አይጠፋበትም፤ ሌላውም ይጠየቅ» አለ።

እኔ አልተቀየምሁም። እውነቱን እኮ ነው! ሰው የማይገባበት ሻይ ቤት ምን ሻይ ቤት ይባላል? አባ አዛናው ግን ያን ቀን እራታቸውን አልበሉም። እኔ ደግሞ… ይተዉት፣ ሻይ አፍልቼ አደልሁ። ከሚጠጡት አንዱ ዓይኑን ቢያነሣ «ይኼኛው ምን ሰምቶ ይሆን?» እያልሁ፣ ብርጭቆ ስንቴ ከእጄ አመለጠ መሰልዎ።

አይ፣ አላለቀስሁም። ጉንፋን ነው። ልጁንም የነካው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ እስኪ ደረቱን ይንኩልኝ፣ አይተኩስም? አይደል? እርግጠኛ ነዎት? እሺ።

ፊርማው እንዴት ያለ ነው ግን! በአምስት ዓመት ለሦስት ክለብ ፈርሟል። አንዱን ውል ሳይጨርስ ሌላው ብዕር ያቀብለዋል። ትናንሽ ልጆች ኳስ ይዘውለት ሲመጡ፣ ማልያ ዘርግተውለት ሲቆሙ፣ ወዲያው ይፈርማል፤ ገነነም ቤቱ ግድግዳ ላይ አስፈርሞታል። ሰው እንዲህ ለኳስ፣ ለሸሚዝ፣ ለግድግዳ እየፈረመ፣ ለአንዲት የቀበሌ ወረቀት ብቻ እጁ ዛለ ቢሉኝ አላምንም። ብዕር አልቆበት ይሆናል።

አሁን ወደ ድክመቱ ልምጣ። ድክመት የሌለበት ተጫዋች የለም፤ አሰልጣኞቹም በቴሌቪዥን እንዲሁ ሲሉ እሰማለሁ። የሱ ድክመት መዞር ነው። ከፊቱ የመጣበትን ይመልሳል፤ ከኋላው የቀረውን ግን ዞሮ አያይም። ጋዜጠኞቹ «የግራ ጉልበቱ ጉዳት ነው» ይላሉ።

የግራ ጉልበቱን እንኳ ለኔ ይተዉልኝ! አምና ክረምት ዶክተሮቹ አልታይ ያላቸውን ጉዳት ለወጌሻ ሊያሳይ እዚህ መጥቶ፣ ከገነነ ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ የከረመ ጊዜ፣ ወጌሻው «አትርገጥ» ብሎት በተኛበት፣ ቅቤ አቅልጬ ጠዋትና ማታ ያሸሁት ማን ነው? ምግቡንስ ያመላለስሁለት? አንድ ቀን ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ሦስት እርምጃ ሄደ። አራተኛውን ሲረግጥ ሳቀና «ያምሮት፣ አንቺ ባትኖሪ እግሬም አይኖርም ነበር» አለኝ። አይ የሱ አነጋገር! በቅቤ አፉ ያሸኝ እሱ ሆነ። ጉልበቱ ዳነ፣ እትየ የሻሽወርቅ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በሁለት እግሩ እየሮጠ ነው የሄደው። ስለዚህ ሰው የማይዞረው በጉልበቱ እንዳይመስልዎ።

ለኔ ብቻም አይደለም እኮ። ለእርስዎ ገዝቶ የላከልዎ ቴሌቪዥን የግድግዳውን ግማሽ ይይዛል አሉ። ደግ ሥራ ነው፤ ከጥር ወዲህ እርስዎም የሚያዩት በሱ ነው። እኔም በዚያው ነው የማየው። እንግዲህ እኩል ነን ማለት ነው። ልጅዎ ናፍቆዎት ሲደውሉለት «መንገዱ ተዘግቷል እማ» ይልዎታል፤ እውነቱን ነው፣ ይዘጋል። ግን የሚገርመኝ ይኼ ነጭ ልብስ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ያን ሁሉ ኬላ አልፎ፣ ሳይጨማደድ ቡሬ ገባ። መንገዱ ለልብስ ተከፍቶ ሰው አላሳልፍ ብሎ ይሆናል። እኔ ምን አውቄ!

ባለፈው እሁድ የተደረገውን አይተዋል? አላዩም? ይሻላል። እኔ በአራስ ቤቴ ሆኜ የገነነ ቤት ጩኸት በግድግዳው መጣብኝ፤ ልጁ ደንግጦ ተነሣ። ገነነ ስልኩን ይዞ መጥቶ ደጋግሞ አሳየኝ። አንድም አጥቂ አጠገቡ የለም። በረኛው «ተዋት! ተዋት!» እያለ ይጮኻል። የኛው ሰው ግን የመጣን ነገር መተው መቼ ያውቃል? ካላራቅሁ ብሎ ዘለለ፣ በዚያ ሰፊ ግንባሩ ገጫት፣ ወደ ኋላ ሄዳ ገዛ መረቡ ውስጥ አረፈች። በራሱ ላይ! አዩ፣ ዝም ብሎ ቢያያት ኖሮ አልፋ ትወጣ ነበር። ገነነ እየሳቀ «ያምሮት፣ አዘንሽለት እንዴ?» አለኝ። «ልማድ ነው» አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ?

እና ይኼንን ካየሁ በሦስተኛው ቀን የእርስዎ ስልክ መጣ። የክርስትና አባት ልሁን ብሏል።

ትናንት ከእርስዎ ጋር አውርቼ እንደጨረስሁ አባ አዛናውን አስጠራኋቸው። «አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ለሰው ነው» አልኋቸው። «አባት የገዛ ልጁን ክርስትና ማንሳት ይችላል?»

«አይችልም» አሉኝ።

«እሺ፣ ክርስትና ያነሣ ሰው የልጁን እናት ማግባትስ ይችላል?»

«አንቺ ምን ሆነሻል? አበልጅ እኮ እህቱ ናት! እንዴት አድርጎ ያገባታል?» ብለው ተቆጡ። «ይኼ ጥያቄ ከየት መጣ?»

«ከኳስ ሜዳ» አልኋቸው።

እንግዲህ ያድንቁለት! እኔስ አድንቄለታለሁ። አንዴ ብቻ መትቶ አባትነቱንም አራቀ፣ ጋብቻውንም አራቀ። ከፊታችን እሁድ በኋላ ማን ምን ሊለው? «የክርስትና ልጄ ነው» ይላል። እኔም መንገድ ላይ ባገኘው «አበልጄ፣ እንደምን ከረሙ» እለዋለሁ፣ አጎንብሼ። ልጁም አድጎ «እኔን ይመስላል» ቢሉት፣ «የክርስትና አባቱን መሰለ» ይባላል። እንዲህ ያለ ጥለዛ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚታየው? ደግሞ በነጭ ልብስ ጠቅልሎ፣ መስቀል ጠልፎበት፣ በእናቱ እጅ!

እኔ እንድታገባኝ ብዬ እንዳይመስልዎ… እንዲያገባኝ ማለቴ ነው፤ አዩ፣ አፌ እንኳ ይሳሳታል። እሱ ነገር ጥር ላይ አልቋል። ግን ያለቀ ነገር ላይ ሰው ቁልፍ ሲጨምርበት አይተው ያውቃሉ?

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ እርስዎ ያስረዱኝ፣ የወለዱት እርስዎ ነዎት። ልጁ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው፣ «ሌላውም ይጠየቅ» ያለ ሰው፣ አርባ ቀኑ የፊታችን እሁድ እንደሚውል ማን ነገረው? እኔ አልነገርሁትም፤ ስልኬን ካነሣው ስምንት ወሩ ነው። እርስዎም ገና ትናንት «እኔ ምንም አላልሁትም፣ ራሱ ደውሎ ነው የነገረኝ» ብለው በማርያም ምለውልኛል። ታዲያ ማን ቆጠረለት? ሴት ብትሆን ሰማንያ ቀን ነበር፤ ወንድ መሆኑንስ ማን ነገረው? ሰው ሠላሳ ምናምን ቀን ሙሉ፣ በልምምድ መሃል፣ በጨዋታ መሃል፣ ጣቱን እያጠፈ የማያውቀውን ልጅ ቀን ይቆጥራል?

ይቆጥራል ካሉኝማ… ከእሁዱ ጎል የበለጠ ሌላ ጎል አግብቷል ማለት ነው። በራሱ ላይ። ማንም ሳይነካው።

ምነው? ልጁ ከበደዎ?

ደግሞስ እሺ ብዬው ቢመጣ? መንገዱ ተከፍቶለት ቢመጣ? በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ልጁን ከመቀበሉ በፊት፣ አባ አዛናው ፊቱን አይተው «ለዚህ ሕፃን ዘመዱ ነህ ወይ?» ይሉታል። ይጠይቃሉ፤ አይምሩትም። እዚያ እጅ ማንሳት የለም። ወደ ጎን ዞሮ ሌላ ሰው ማሳየት የለም። ካልሲ መሳብ የለም። ልጁ በክንዱ ላይ ነው። «አይደለሁም» ቢል በማን ፊት ነው የሚለው? «ነኝ» ካለ ደግሞ ክርስትና አያነሣም። እኔ ይኼን ስላሰብሁለት ነው የማልፈቅድለት፣ እትየ የሻሽወርቅ። ለሱው አዝኜ ነው። ሰውን ከነነፍሱ ምን አድርጎኝ እንዲህ ያለ ቦታ አቆመዋለሁ?

ስለዚህ ልብሱን ይመልሱለት። በደንብ አጥፌልዎታለሁ፣ ይኸው ፌስታሉ። ልጄ፣ ታደለ የሚባል ሰው የገዛለትን ይለብሳል። ታደለን አያውቁትም፤ ባጃጅ ነጂ ነው። ምጥ የያዘኝ ቀን ባጃጁ መንገድ መሃል ጭቃ ያዘው። ወርዶ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ገፋው፤ እኔ ከውስጥ እጮኻለሁ፣ እሱ ከኋላ «አይዞሽ እህቴ፣ ደረስን፣ ደረስን» ይላል፤ ገና ግማሽ መንገድ ይቀረናል። ክርስትናውን እሱ ነው የሚያነሣው። እሱም ከሻይ ቤቱ ደንበኞች አንዱ ነው። ልጅዎ እንዳለው ነው፣ እዚያ ቤት እውነትም ሰው አልጠፋበትም።

የስሙንም ነገር አያስቡ። ዛሬ ጠዋት ከጤና ጣቢያው ስመለስ ቀበሌ ጎራ አልሁ። ልጅቷ ወረቀቷን ዘርግታ «የአባት ስም?» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሁሉ የሚያዩኝ መሰለኝ። «ባዶ ልተወው?» አለች። ባዶ! ከፀነስሁት ጀምሮ የምፈራው ይኼንኑ ነበር፤ ትምህርት ቤት መምህሩ ስም ሲጠራ፣ ሌላው ልጅ ሁለት ስም ሲኖረው፣ የኔው አንድ ብቻ ሆኖ ክፍሉ ሲስቅበት… ገና ሳይወለድ ስንቴ በሐሳቤ አስለቀስሁት መሰልዎ። «የለም፣ ባዶ አይደለም፤ የኔን አባት ጻፊ» አልሁ። ልጄ ምስክር ቢሆነኝ ተብሎ ተጻፈ። አባቴ፣ አቶ ቢሆነኝ፣ ማንኩሳ ዳርቻ ዳጉሳ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ኳስ በምን እንደሚመታ አያውቅም። ግን ሦስት ቦታ ከመኪና ወርዶ መታወቂያውን እያሳየ መጣ። መንገዱ ለሱም ያው መንገድ ነው።

ስሙን ምስክር ማለቴ? እንዲሁ ደስ ብሎኝ ነው። ፊቱን አይተው ምን እንደሚመሰክር እርስዎ ይንገሩኝ።

ከታች ስሜን ጻፍሁ፤ አንድ አንድ ፊደል። ልጅቷ «አውራ ጣትሽም ይበቃል» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ብዕሩን አልሰጥ አልሁ። ፊርማ የለመደ ሰው በዓይን ጥቅሻ የሚጨርሰውን እኔ ስንት ደቂቃ ፈጀሁበት! ግን ጻፍሁት። ማኅተሙም አርፏል።

እሁድ እርስዎ ይምጡ፤ አባቴ ሙክት ነድቷል፣ ጠላውም ደርሷል። በእንግዶች በኩል ቦታ ይያዝልዎታል። እልልታ ላይ ግን አይጨነቁ፤ በአባቱ ወገን የሚሆን ሰው ቢጠፋም የገነነ ቤት ሰዎች ሁሉ ይመጣሉ፤ እነሱ ሲጮኹ እስከ ገበያው ይሰማል።

ይኸው መነኸሪያ የሚያደርስዎ ባጃጅ እየጠራዎ ነው፤ መኪናው ሳይሞላ ይድረሱ። ልጁን ልቀበልዎ። ይልቀቁት… እንዴ፣ ጣትዎን ያዘዎ! እጁ ጠንካራ ነው፣ የያዘውን አይለቅም፤ ይኼን እንኳ ከማን እንደወሰደው አላውቅም። ቀስ፣ አንድ አንድ ጣቱን። እንዲያ።

ሳልመርቅዎ አልሸኝዎትም፤ ቂም የያዝሁ እንዳይመስልዎ። የላከዎን ሰው እግዜር እድሜ ከጤና ይስጠው፣ እግሩን ከእንቅፋት ይሰውርለት፣ የሚጨበጨብለትን ያብዛለት። እርስዎንም እትየ የሻሽወርቅ፣ ያች የምኞትዎ ቀን ሳትርቅ፣ ከልጅዎ አብራክ የተገኘ የልጅ ልጅ በክንድዎ አቅፈው፣ ግንባሩን ስመው ለመደሰት ያብቃዎ።

አሜን ይበሉ እንጂ።